ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ ወይስ ቡልኮ? ከጥለቱ በፊት የሚታዩ ነገሮች

በዓል ሲቃረብ ሽሮ ሜዳ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሱቅ ሁሉ ነጭ በነጭ ነው። ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ጥለቱ ላይ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ቀድሞ የሚዘረጋልን ጥለቱን ነው። ነጩን ክፍል የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። ለዓመታት የምንለብሰው ግን ነጩን ነው።

እኔም በጥለት ተይዤ ነው የተማርኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ ለፋሲካ ነጠላ ገዛሁላት። ጥለቱ አንድ ስንዝር ይሆናል፤ አረንጓዴና ወርቅማ፣ በጣም ያምራል። «ሙሉ ፈትል ነው» ተባልኩ፣ አመንኩ። እናቴ ተቀብላ መረቀችኝ። ሁለቴ ከታጠበ በኋላ ግን ነጩ ሳስቶ ወንፊት መሰለ። ጥለቱ ደግሞ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ አልታጠፍም አለ። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን ከሳጥን የምታወጣው የድሮውን ነው፤ ጥለቱ ሁለት ጣት የማይሞላውን።

ከዚያ በኋላ ሸማኔም ሻጭም ፊት ስቀመጥ የምጠይቀው ተለወጠ። እዚህ የጻፍኩት ያንን ነው። የማወዳድራቸው አራት የጥጥ ልብሶችን ነው። ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡልኮ። አራቱም በእጅ የሚሸመኑ ናቸው። በጋሞ ደጋ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ባሉት በዶርዜና በጨንቻ፣ እንዲሁም ከዚያ መጥተው ሽሮ ሜዳና ጉለሌ በሰፈሩ ሸማኔዎች እጅ ሁሉም ይሠራሉ። ጎንደርም፣ ኮንሶም፣ ሌላውም አካባቢ የራሱ ሽመና አለው። መስፈርቱ ግን ለሁሉም ይሠራል።

መጀመሪያ ክሩ

ከመስፈርቶቹ ሁሉ አንዱን ብቻ አስታውሱ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

ሸማ የሚሠራው ከድርና ከማግ ነው። ድሩ በሸማው ርዝመት የሚወጠረው ክር ነው። ማጉ ደግሞ ሸማኔው በመወርወሪያ ከዳር ዳር የሚያመላልሰው ነው። ስለዚህ ሻጭን «ጥጥ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። የሚጠቅመው ጥያቄ «ድሩ ምንድን ነው? ማጉስ?» የሚለው ነው። ይህን ስትጠይቁ ሻጩ ራሱ አነጋገሩን ያስተካክላል። የሚያውቅ ገዢ መጣ ማለት ነው።

ፈትል ማለት በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው። ጥጡ ፍሬው እንዲወጣ ይዳመጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል። በጋሞ ባህል መፍተሉ የሴቶች፣ ሽመናው የወንዶች ሥራ ነው። ብዙ ሰው ድካሙ ሁሉ ሽመናው ላይ ያለ ይመስለዋል። ጊዜውን የሚበላው ግን ፈተላው ነው። የአንድ ጋቢ ፈትል የሚወስደውን ቀን ስታስቡት ለምን ውድ እንደሆነ ይገባችኋል።

የእጅ ፈትል ከፋብሪካ ክር ይልቅ ላላ ብሎ የተጠማዘዘ ነው። በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ስለዚህ ይሞቃል። ላብም ይመጥጣል። በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። ውፍረቱ ግን ወጥ አይደለም። እዚህ ጋ ቀጠን፣ እዚያ ጋ ጉብ ይላል። አንዳንድ ገዢ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። እንዲያውም እጅ የነካው ለመሆኑ ምልክቱ ይኼው ነው።

ድሩም ማጉም ፈትል ከሆነ ሙሉ ፈትል ይባላል፤ የመጀመሪያው ዓይነት እሱ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ግን ሁለተኛውን፣ ድሩ የፋብሪካ ጥጥ፣ ማጉ ፈትል የሆነውን ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ድሩ ሽመናው እስኪያልቅ ተወጥሮ ሲጎተት ስለሚውል ጠንካራና ወጥ ክር ይፈልጋል። ሰውነታችን የሚያውቀው ልስላሴና ሙቀት በአብዛኛው የሚመጣው ከማጉ ነው። እኔ ለራሴ የምገዛው ይህንን ነው። በዋጋና በጥራት መካከል የተሻለው ሚዛን ይህ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ዓይነት ድሩም ማጉም የፋብሪካ ጥጥ ነው። ገጹ ወጥ ነው፣ ዋጋው ይቀላል፣ ለዘወትር ጥሩ ነው። በፈትል ዋጋ እስካልተሸጠላችሁ ድረስ ምንም ነውር የለበትም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከአራተኛው ነው። ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበት ሸማ ያብረቀርቃል፣ አይጨማደድም፣ ቶሎ ይደርቃል። ግን ላብ አይመጥጥም፤ ሙቀት ላይ ገላ ላይ ይጣበቃል።

እንዴት ይለያል? ሦስት ነገር አደርጋለሁ። መጀመሪያ ሸማውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ አያለሁ። ፈትል ከሆነ የክሩ ቅጥነትና ውፍረት መለዋወጡ በግልጽ ይታያል። ቀጥሎ ጣቴን በውሃ አርሼ አንድ ጠብታ ነጩ ላይ አሳርፋለሁ። ጥጥ ውሃውን ይመጥጣል፤ ሰው ሠራሹ ላይ ግን ጠብታው ለጥቂት ጊዜ ተንከባሎ ይቆያል። አዲስ ሸማ አንዳንዴ ቀጥ እንዲል በስታርች ስለሚደርቅ ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም። ሦስተኛው እሳት ነው። ከጫፉ አንድ ክር ለምኑና ከሱቁ ውጭ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱ ግራጫ ነው፣ ሲነኩት ይበተናል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ከጥለቱም አንድ ክር ብትለኩሱ አይከፋም። ጥለት ላይ የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር መግባቱ የተለመደ ስለሆነ እሱ ብቻውን አያስደነግጥ።

ሽመናው ጠበቅ ያለ ነው ወይስ የሳሳ?

ጥሩ ክር በሳሳ ሽመና ይባክናል። የሁለቱን እጅ አውራ ጣቶች ነጩ ላይ አስቀምጡና ክሮቹን ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርጉ። ማጉ በቀላሉ ተንሸራቶ ክፍተት ከፈጠረ፣ ቤት ሄዶ ሲታጠብም የሚሆነው ይኸው ነው። የእናቴ ነጠላ የወደቀው እዚህ ላይ ነበር።

በእጃችሁ ደግሞ ጨብጣችሁ አሹት። ደርቆ የቆየ አዲስ ሸማ ስታሹት ከላላ፣ ጥግግቱ ከሽመናው ሳይሆን ከድርቀቱ ነበር ማለት ነው። ከላላ በኋላ የምታዩት እውነተኛ መልኩን ነው።

ጥለቱስ?

ጥለቱን መጨረሻ ላይ እዩት። ውበቱን ንቄ አይደለም። የሸማኔው ጥበብ በጣም የሚታየው እዚያ ነው፤ ስሙም ጥበብ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጥለት ክብደት አለው። ሰፊ ጥለት ስስ ሸማ ላይ ከሆነ ነጩን ይጎትተዋል፣ መጋጠሚያው ላይ ያሳሳዋል። ሰፊ ጥለት ከፈለጋችሁ ነጩም የሚሸከመው መሆን አለበት።

ሌላም ነገር አለ፤ አለባበሱ። ነጠላ በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ይታያል። ለሐዘን ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ፊት ይመጣል። ለጸሎት መስቀለኛ ይጣፋል። ስንዝር የሚያህል ደረቅ ጥለት ሲዘቀዘቅም ሲጣፋም ያስቸግራል። አንድ ነጠላ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ሁለት ሦስት ጣት የሚሆን ጥለት ቢይዝ ለሠርጉም ለለቅሶውም ይሆነዋል። ለለቅሶ ብቻ ብለው ጥለቱ ጥቁር የሆነ የሚያስቀምጡም አሉ።

አራቱ ጎን ለጎን

ነጠላ። ስሙ ነጠላ ቢሆንም ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ስስ ሸማ ሁለት ተደርቦ የተሰፋ ነው። ከአራቱ ቀላሉ ነው። ሴቶች በቀሚስ ላይ፣ ወንዶችም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ይለብሱታል። ለድሬዳዋና ለአርባ ምንጭ ሙቀት ከዚህ የተሻለ የለም። ለብርድ ግን አትመኑት። ድክመቱም ስስነቱ ነው። ጌጥና ጥፍር ይይዘዋል፣ አጥር ላይ ከተሰጣ ይቀደዳል። ስትገዙ ጫፉን እዩ። ዘርፉ በደንብ የተቋጨ ነጠላ ቶሎ አይተረተርም። ርዝመቱንም ለብሳችሁ ለኩ። መስቀለኛ አጣፍታችሁ ጫፉ ካጠረ፣ ለቁመታችሁ አይሆንም።

ኩታ። ከነጠላ ወፈር፣ ከጋቢ ሳሳ ያለ ነው። በእጀ ጠባብና በሱሪ ላይ የሚደረብ የወንዶች ልብስ ነው። ሙሽራ፣ ሽማግሌ፣ የበዓል ቀን አባወራ ይለብሰዋል። ለደጋ ቀን ይበቃል፣ ለደጋ ሌሊት አይበቃም። ብዙ ሰው ለአባቱ ስጦታ ሲያስብ ቀጥታ ወደ ጋቢ ይሄዳል፤ ኩታን ይረሳል። አባታችሁ ጋቢ ካላቸው ኩታ ግዙላቸው። ጋቢ ለብሰው የማይሄዱበት ቦታ ሁሉ ኩታ ለብሰው ይሄዳሉ።

ጋቢ። አራት ድርብ ነው። ከዚህ ልብስ ጋር ያልኖረ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ጠዋት ቡና ሲፈላ ትከሻ ላይ ነው። አራስ ቤት አለ። በረጅም መንገድ አውቶቡስ ውስጥ አለ። ሌሊት ብርድ ልብስ ነው። ለሠርግ፣ ለአማች፣ ለአያት ስጦታም ቀድሞ የሚታሰበው እሱ ነው። አራቱ ድርብ በመካከላቸው አየር ስለሚይዙ ነው ሙቀቱ እንዲህ የሆነው። ስለዚህ ጋቢ ላይ ከጥለት ይልቅ ፈትል ላይ ገንዘባችሁን አውጡ። ብዙ ጋቢ ጥለቱ ትንሽ ነው ወይም ጨርሶ የለውም፤ ከሌለው ዋጋው የሄደው ክሩ ላይ ነው።

ጋቢ ስትገዙ ማዕዘኑን ይዛችሁ ድርቦቹን በጣት ለዩና ቁጠሩ። ከዚያ ዳሩን ተመልከቱ። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለና ያልተጨማደደ መሆን አለበት። አራቱ ድርብ እኩል ካልተወጠሩ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ አንዱ ያጥራል፣ ሌላው ይንጠለጠላል። ሰውነት ላይ አይቀመጥም። ሱቅ ውስጥ መሬት ላይ ዘርጉልኝ ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ዘርግታችሁ መሐሉ የሚያብጥ ወይም የሚሰበሰብ ከሆነ ተዉት።

ድክመቱ ውሃ ነው። የረጠበ ጋቢ ከባድ ነው፤ ለመጭመቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሐምሌ ላይ አጥቦ የሰጣው ሰው እርጥብ እርጥብ የሚል ሽታ ይዞ ይቀርበታል። ጋቢ በበጋ ነው የሚታጠበው።

ቡልኮ። እሱ የሚወፍረው በድርብ ብዛት ሳይሆን በማጉ ውፍረት ነው። በጋሞ፣ በሲዳማና በሌሎችም ደገኞች ዘንድ የክብር ልብስ ነው። ለአገር ሽማግሌና ለከበረ እንግዳ ይደረባል። ለብርዳም አገርና ለአልጋ ተወዳዳሪ የለውም። ግን ለከተማ ውሎ ይከብዳል፤ ታክሲ ውስጥ ይዞ መግባት ራሱ ጣጣ ነው። ለአልጋ ወይም ለትልቅ ሰው ክብር ካልሆነ እንደ መጀመሪያ ግዢ አልመክረውም።

| | ነጠላ | ኩታ | ጋቢ | ቡልኮ |
|---|---|---|---|---|
| ውፍረት | ስስ | መካከለኛ | ወፍራም፣ አራት ድርብ | በጣም ወፍራም፣ ማጉ ራሱ ወፍራም |
| ለማን | በብዛት ለሴቶች፤ ለጸሎት ለሁሉም | ለወንዶች | ለሁሉም | ለትልቅ ሰው፣ ለአልጋ |
| የት ይመቻል | ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ቤተ ክርስቲያን | በዓል፣ ሠርግ፣ የደጋ ቀን | ቤት፣ ጉዞ፣ የደጋ ሌሊት | ብርዳም ደጋ |
| ቀድሞ የሚታየው | የሽመናው ጥግግትና ዘርፉ | ርዝመቱና ማጉ | ፈትሉና የድርቦቹ እኩልነት | የማጉ ጥጥ |
| ጥለት | ከጠባብ እስከ ሰፊ | ጠባብ ይመረጣል | ትንሽ ወይም የሌለው | ይለያያል |
| እጥበት | ቀላል፣ ግን በጥንቃቄ | ቀላል | ከባድ፣ በበጋ ብቻ | በጣም ከባድ |
| ዋጋ (በተመሳሳይ ክር) | ዝቅተኛ፤ ጥለቱ ከሰፋ ይወጣል | መካከለኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ |

በኪስና በፍላጎት

ብር በቁጥር አልጻፍኩም። የዛሬው ዋጋ ለሚቀጥለው በዓል አይሠራም። ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም። ሙሉ ፈትል ውድ ነው፤ ፈትል ማግ በፋብሪካ ድር መካከለኛ ነው፤ ሙሉ የፋብሪካ ጥጥ ይቀላል። ሰፊ ጥለት በሁሉም ላይ ይጨምራል።

ኪሳችሁ ጠበብ ካለ ጥለቱን ቀንሱ፣ ክሩን አትቀንሱ። ጥለቱ ሁለት ጣት የሆነ፣ ማጉ ፈትል የሆነ ነጠላ፣ ስንዝር ጥለት ካለው የሳሳ ነጠላ ይሻላል። በፎቶ ሁለተኛው ያምራል። በሦስተኛው ዓመት የሚለበሰው ግን የመጀመሪያው ነው።

ደብረ ብርሃን ወይም ሌላ ብርዳም ከተማ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅ ካላችሁ ጋቢ ግዙለት። ሙሉ ፈትል አይሁን። ዶርም ውስጥ ቡና ይደፋበታል፣ ይዋዋሱታል። የፋብሪካ ጥጥ ጋቢ ይበቃዋል። ለአያት ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው። አረጋዊ ሰው ክብደት ይከብደዋል፤ ሙቀት ይፈልጋል፣ ልስላሴ ይፈልጋል። ገንዘብ ካላችሁ ሙሉ ፈትል የሚገባው እዚህ ነው።

ለሙሽራ ቀሚስ የሚሄድ ነጠላ ከሆነ ጥለቱ ከቀሚሱ ጥለት ጋር አንድ ሸማኔ ዘንድ ይሠራ። ሌላ ቦታ «ተመሳሳይ ቀለም» ብላችሁ ብትፈልጉ ቀን ብርሃን ላይ ልዩነቱ ያፈጣል። ይህን በሠርግ ጠዋት ከማወቅ ያድናችሁ።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ የምትልኩ ከሆነ የሻንጣ ኪሎ አለ። ነጠላና ኩታ ይቀላሉ። ጋቢ ቦታ ይበላል፤ ግን ሰው እዚያ የሚናፍቀው ጋቢን ነው። አንድ ብቻ ላኩ፤ ጥሩውን ላኩ።

ሱቅ ወይስ ሸማኔ?

ጊዜ ካላችሁ ሸማኔ ዘንድ ሂዱ። ድሮ እናቶች ፈትላቸውን ራሳቸው ፈትለው ለሸማኔ ይሰጡ ነበር። ዛሬም ፈትል ገዝቶ ሸማኔ መስጠት ይቻላል። ጥቅሙ ማጉ ምን እንደሆነ ሳትጠራጠሩ ማወቃችሁ ነው። ስትስማሙ አምስት ነገር ተነጋገሩ። ድሩን፣ ማጉን፣ የድርቡን ብዛት፣ ርዝመቱንና ወርዱን በክንድ ወይም በሜትር፣ የጥለቱን ስፋት በጣት። ወረቀት ላይ ጻፉት። ቀብድ ክፈሉ፣ ሙሉውን አትክፈሉ። ቀኑን ግን አታጥብቡበት። የተቻኮለ ሸማኔ ማጉን ጠበቅ አድርጎ አይመታም፤ የሳሳ ሸማ የሚመጣው ከጥድፊያ ነው።

ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከጥምቀትና ከጥር ሠርግ በፊት ባሉት ሳምንታት ገበያው ይጨናነቃል። ዋጋው ይወጣል፣ መከራከሪያ ጊዜም የለም። እኔ ለጥምቀት የምፈልገውን ኅዳር ላይ አዝዛለሁ።

ሱቅ ከገዛችሁ ደግሞ ቀን ሂዱ። በአምፖል ብርሃን ክሬም ነጭ ይመስላል፤ የጥለት ቀለምም ይታለላል። ሸማውን ይዛችሁ በር ላይ ውጡ።

ከተገዛ በኋላ

መጀመሪያ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት። የጥለቱ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ያን ቀን ታውቃላችሁ። በረኪና አታስጠጉበት። ያነጣዋል፣ ግን ክሩን ይበላዋል፤ ነጠላ መሐሉ ላይ በድንገት የሚቀደደው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። አያቶቻችን ሸማ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለዓለም ያሳዩት። ዛሬ እንዶድ ካላገኛችሁ ለስላሳ ሳሙና ይበቃል።

ጠምዝዛችሁ አትጭመቁ፤ ጫን ጫን አድርጋችሁ ውሃውን አውጡ። ጥለቱን ወደ ውስጥ መልሳችሁ አስጡት፤ ፀሐይ ነጩን ያጸዳል፣ ቀለሙን ግን ያደበዝዛል። ስታስቀምጡት ፌስታል ውስጥ አትቋጥሩት። ታፍኖ ቢጫ ይሆናል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ በየጥቂት ወሩም እጥፋቱን ቀይሩ፣ ካለበለዚያ የሚሳሳው በታጠፈበት መስመር ላይ ነው።